አውሮፓዊ ረሃብተኛ፣ ጉደር

ፈረንጁ ንፍሮውን ደግሞ ዘግኗል። ሌላውን ከመናገሬ በፊት ይህ ይታወቅልኝ። ይህን ያልሰማ ሰው እኔንም አክስቴንም ነገረኞች ናቸው ብሎ ሊያልፈን ይችላል። ነገረኞች መሆናችን ሐሰት አይደለም፤ ግን ምክንያት ነበረን።

ጊዜው የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። የአክስቴን ባል የገደለው ግን ድርቁ አልነበረም። የራሱ በሬ ወግቶት ሐኪም ጋ ሳይደርስ አረፈ። ቤታቸው ጉደር ከመኪናው መንገድ ጥግ ስለነበር የለቅሶው ድንኳንም እዚያው መንገዱ ዳር ተተከለ። አክስቴ የአባቴ እህት ናት። በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ስለምትባል እኔም አዳዳ እያልኩ ነው ያደግሁት። ያኔ አምቦ ከተማ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፤ የምታወቀው ግን ከማስተማሬ ይልቅ በሥዕሌ ነው። የአብዮት በዓል በመጣ ቁጥር የእነዚያን የሦስት ጺማም ሽማግሌዎች ምስል በቀይ ጨርቅ ላይ የምሥለው እኔ ነበርኩ። ጺም በመሣል የሚደርስብኝ አልነበረም።

ከቀብር ተመልሰን፣ እጅ ታጥበን፣ ንፍሮ በሰፌድ እየዞረ ነው። ንፍሮ የለቅሶ ቤት እህል ነው፤ ስንዴውና ባቄላው ተቀቅሎ በእፍኝ ይታደላል፣ ሀብታሙም ድሃውም እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። አዳዳ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷ በለቅሶ አባብጦ መሬት ላይ ተቀምጣለች። በዚህ መሃል የአንድ ላንድሮቨር ጎማ ፈነዳና ከድንኳኑ ፊት ለፊት ቆመ። ሹፌሩ ጎማ ሊቀይር ከመኪናው ሥር ሲገባ ፈረንጁ ብቻውን ወደ እኛ መጣ።

በእኛ አገር መንገደኛ ለቅሶ ካየ ከበቅሎው ይወርዳል፤ በመኪና ከሆነም ከመኪናው። ሟቹን ማወቅ አይጠበቅበትም። ስለዚህ ፈረንጁ ኮፍያውን አውልቆ ሲገባ ሰዉ ደስ አለው እንጂ አልገረመውም። ሽማግሌዎቹ ተነሡለት። የእድሩ ዳኛ የራሱን ወንበር ለቀቀለት። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለአዳዳ ጎንበስ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ይህን ልክደው አልችልም። እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ነገር ግን ለቅሶ የመጣን ሰው ምን ፈልገህ መጣህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነውና ዝም አልኩ። ንፍሮ ሲቀርብለት እንደ ሰዉ ሁለት እጁን ገጥሞ ተቀበለ፣ በላ። ሰፌዱ ተመልሶ ሲመጣም ዘገነ። ከዚያ ካሜራውን አወጣ። አንዳንዱ ሰው ቅር ቢለው አንድ ሽማግሌ፣ «ተዉት፣ እነሱ አገር ሟች የሚታሰበው በፎቶ ይሆናል» አሉና ነገሩን አበረዱት። ጎማው ተቀይሮ ሲያልቅ ሄደ።

አዳዳ ከዚያ ወዲህ በሀዘኗ መካከል አንዲት መጽናኛ ነበረቻት። ጎረቤት የባሏን ለቅሶ ትልቅነት ሲያነሳ፣ «ከባሕር ማዶ እንኳ መጥተው ደርሰውልኛል» ትል ነበር። ሲያወሩላትም ደስ ይላታል። ከጉደር አልፎ ቅርቡን ደንዲን እንኳ በቅጡ ላላየው ገበሬ ባሏ በማያውቀው ሰው መለቀስ ክብር ነበር።

ዓመት ሳይሞላ አብሮ አደጌ ደብዳቤ ላከልኝ። እሱ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ቡዳፔስት የእርሻ ምህንድስና ይማራል። እዚያ በፖስታ ሥዕል የሚላላኩ ሰዎች ወዳጅ ሆኖ ነበር። ከየአገሩ ካርድ ይሥላሉ፣ ማኅተም ይቀርጻሉ፣ ከጋዜጣ ይቆርጣሉ፣ ይለጥፋሉ፣ ይልካሉ። የደረሰው የራሱን ጨምሮበት ለሌላው ያሳልፋል። ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጁም ዳኛ የላቸውም፤ የመጣው ሁሉ ይሰቀላል። አሁን አንድ የምዕራብ አውሮፓ ከተማ ውስጥ «የአፍሪካ ረሃብ» የሚል ኤግዚቢሽን እንደሚኖር፣ ጥሪው ከአንድ የዕርዳታ ፖስታ ካርድ ጋር እንደደረሰው ነገረኝ። «ካርዱን ተመልከቺው። ከተሳሳትኩ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካልተሳሳትኩ ግን ምን እንደምልሽ አላውቅም» ይላል።

አልተሳሳተም። አዳዳ ናት። የተላጨ ራስ፣ ያበጠ ፊት፣ የተዘረጋ መዳፍ፣ መዳፏ ላይ ጥቂት ፍሬ ስንዴ። ከአንገቷ በታች የለችም። አዳዳ ሞላ ያለች ሴት ናት፤ ወገቧ ድረስ ቢያነሳት ኖሮ ካርዱ አይሸጥም ነበር። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «እናት፣ ኢትዮጵያ። ለቀናት እህል አልቀመሰችም። አንድ እፍኝ ስንዴ ሕይወቷን ያተርፋል።»

እኛ ለቅሶ ደራሽ አድርገን ተቀበልነው፤ እሱ ረሃብተኞች አድርጎ ይዞን ሄደ። ጥቁር ፊት ላይ ያየው እንባ ሁሉ ለእሱ የሆድ እንባ ነው። እኛም ባል እንደሚሞትብን፣ የሞተው ሰው እንደሚናፍቀን፣ በሬ እንደሚወጋን አላሰበም።  የስታፉ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ የያዝኩትን ጠመኔ ሰብሬ ጣልኩት።

ረሃቡ ውሸት ነው የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ አይቀመጥ። ረሃቡ እውነት ነበር። የጉደር እድር ጤፍና ብርድ ልብስ አዋጥቷል፣ ከእኛም ከደሞዛችን ይቆረጥ ነበር፣ ማንም አላጉረመረመም። ካዋጡት ሰዎች ውስጥ አዳዳ አለችበት። ያ ካርድ ግን ከእርሷ ሁለት ነገር ወሰደ፤ ሰጪነቷን ወሰደ፣ ባሏንም ወሰደ። ሁለተኛው ነው የባሰብኝ። የእርሱ ሞት ከፎቶው ተፍቆ ወጥቶ ነበር።

እሑድ ጉደር ወርጄ ካርዱን አሳየኋት። ብደብቃት ይሻል ነበር የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን የራሷን ፊት ከራሷ የምደብቅ ማን ነኝ? ጽሑፉን ተርጉሜ ነገርኳት። ካርዱን ከእጄ ወሰደች።

«ታዲያ ለምን አለቀሰ?» አለችኝ።

«የተራብን መስሎት ነው፣ አዳዳ።»

«አኒ ሂን ቤሎፍኔ!» ብላ ጮኸች፤ አልተራብኩም ማለቷ ነው። ቀጥላ በአማርኛ መለሰችው፣ ሰውየው በአማርኛ ይሰማት ይመስል፦ «አልተራብኩም! እንዲያውም እሱ ነው የበላው። ደግሞ ዘግኗል! አይተሻል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ያንን ሣይልኝ። አፉን ሞልቶ ሲያላምጥ ሣይው።»

ሣልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ በደስታ የሣልኩት ነገር የለም። ፈረንጁ ድንኳኑ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ነው፣ ሁለት እጁን ገጥሞ ዘርግቷል፣ ጉንጩ ተወጥሯል። አዳዳ ሙሉ አካሏን ይዛ ከፊቱ ቆማ ከሰፌዱ ትዘግንለታለች። ከሥሩ በእንግሊዝኛ፦ «አውሮፓዊ ረሃብተኛ፣ ጉደር። ስሙ አይታወቅም፤ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘንም። አንድ እፍኝ ንፍሮ ሕይወቱን ያተርፋል።» ሌላም ጨመርኩ። ክራባት ያሰረ ሰው ሥዬ፦ «የአውሮፓ ነገድ በባህል ልብሱ። አንገታቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ ትርጉም ገና አልተጠናም።» ውሻዋን አቅፋ አልጋ ላይ የተኛች ወይዘሮ ሥዬ፦ «ኋላ ቀር በሆኑ አካባቢዎች ከእንስሶቻቸው ጋር ያድራሉ።» ከአሮጌ በረባሶ ሶል ላይ ማኅተም ቀረጽኩ፤ «ዕርዳታውን ተውት፣ ለቅሶ ድረሱ» ይላል። በየካርዱ ጀርባ አዳዳ ያለችኝን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ የባሏን ሙሉ ስም፣ በሬ ወግቶት መሞቱን፣ ጥሩ አራሽ መሆኑን። በሬው ዳልቻ መሆኑም ይጻፍልኝ አለች፤ ጻፍኩ።

ለኤግዚቢሽኑ ስልካቸው ፖስታ ውስጥ አልከተትኳቸውም። በዚያ ዘመን የታሸገ ደብዳቤ ተከፍቶ ይነበባል፤ እንግዲያው ራሱ ተከፍቶ ይሂድላቸው አልኩ። የአምቦ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ከጉደር የሚመላለሰው ያው ለፈረንጁ ወንበር የለቀቀለት የእድራችን ዳኛ ነበር። ካርዱን አነበበ፣ ሥዕሉን አየ፣ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ አይደለም?»

«ነው።»

የአዳዳን የዕርዳታ ካርድ አሳየሁት። ቴምብሩን በምራቁ እያራሰ ለጠፈ፤ ቡጢው ከሚገባው በላይ ያርፍ ነበር። መጨረሻ ላይ፣ «ጂኦግራፊዋ፣ ይሄ ጣጣ አያመጣብሽም?» አለኝ። «ያምጣ» አልኩት።

አመጣ። አንድ ተማሪ ከፖስታ ቤቱ መስኮት አይቶ ስላወራ፣ በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤቱ ካድሬ ቢሮው አስጠራኝ። የወሎ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሁልጊዜ ካኪ ለባሽ። ለፎከራ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። እሱ ግን አልጮኸም።

«ጓድ መምህርት፣ በዚህ ካርድ የሚስቅ ፈረንጅ ኪሱን ይዘጋል» አለኝ። «የአንቺ አክስት አልተራበችም፤ ደግ። የኔ እናት ግን ተርባ ሞታለች። የት መንገድ ላይ እንደወደቀች አላውቅም። ውሸት የሆነው ፎቶ ለእውነተኞቹ አንድ ጆንያ ስንዴ ካመጣ፣ እኔ በበኩሌ ይምጣ እላለሁ። ምን ትመልሽልኛለሽ?»

እውነት ለመናገር ነገሩ ውሸት አልነበረም። ግን ልሸነፍለት አልፈለግሁም፣ አሁንም ልክ ነበርኩ እላለሁ።

«ስንዴው ይምጣ» አልኩት። «ያንተ እናት ግን ፎቶ ተነስታ ቢሆን ኖሮ ምን ብለው ይጽፉባት ነበር? እናት፣ ኢትዮጵያ። የኔንም አክስት እንደዚያው ነው ያሉት። ለእነሱ ሁለቱ አንድ ፊት ናቸው። እናትህ የማን ልጅ እንደነበረች፣ ምን ትሠራ እንደነበር፣ ማን እንደሚያለቅስላት ማን ጠየቀ? እኔ የምጣላው ከስንዴው ጋር አይደለም፤ ስንዴ ለመስጠት መጀመሪያ ፊታችንን መፋቅ ካለባቸው ጋር ነው።»

ካድሬው ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ ለቅሶ አልተቀመጥኩም» አለ። «መቃብሯን ሳላውቅ በምን ልቀመጥ?» ከዚያ ወደ ክፍሌ እንድመለስ ነገረኝ። ፋይሌ ውስጥ ምን እንደጻፈ አላውቅም። ካርዶቹ ግን ሄዱ።

ከወራት በኋላ ከቡዳፔስት ደብዳቤ መጣ። አብሮ አደጌ ኤግዚቢሽኑን በዓይኑ ባያይም አዘጋጆቹ ሁሉንም ጽፈውለታል። ካርዶቼ መግቢያው ላይ ተሰቅለዋል። ሰዉ መጀመሪያ ይስቅና ጀርባውን ገልብጦ ሲያነብ ሳቁን ያቆማል። አንዳንዱ፣ «ስንረዳቸው ይሳለቁብናል» ብሎ ተቆጥቷል፤ ይቆጣ። ከብዙ አገር ሰዎች ሥዕሉን ቀድተው የራሳቸውን ፊት በፈረንጁ ቦታ አስገብተው ልከዋል። አንድ አሜሪካዊ ጥቁር ሠዓሊ ደግሞ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ ፎቶ አንስተው «ሥራ ፈት» ብለው ጋዜጣ ላይ እንዳወጡት ጻፈ፤ ያን ቀን ዕረፍቱ ነበር። ማኅተሜን ቀርጾ ካርዱ ላይ መትቶታል። ያንን ለአዳዳ ስነግራት፣ «እዚያም አሉ?» ብላ ሳቀች። ድንኳናችን የገባው ፎቶ አንሺ ግን አንድም ካርድ አልላከም።

አንዳንዱ ሰው ግን ፌዙንም እንደ ረሃብ ነው ያየው። አንድ ጥቅል መጣ። ከኤግዚቢሽኑ ጎብኚዎች የተዋጣ የዱቄት ወተት፣ ብስኩትና ብርድ ልብስ ነው። ከላይ የተለጠፈው አድራሻ የትምህርት ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይዟል፤ ስም በሚጻፍበት ቦታ ግን፣ «ለተራበችው እናት፣ ጉደር» ይላል። የባሏ ስም እንኳ ጀርባው ላይ በግልጽ ተጽፎላቸው! አብሮት የተያያዘ አጭር ወረቀትም አለ፦ «ካርድሽ በጣም አስቆናል። ብዪ፣ በርቺ።» አንብቤው ለመሳቅም ለመሳደብም ተቸገርኩ። ተሳደብኩ።

አዳዳ ራሷ መጥታ ካልፈረመች ጥቅሉ ስለማይወጣ ከጉደር በአውቶቡስ መጣች። ነገሩ ከተማው ውስጥ ስለተወራ ካድሬውም ቀድሞን ፖስታ ቤት ተገኝቷል። ወተቱን ይፈልገዋል፤ ለወሎ የሚሄድ መኪና እየተጫነ ነበር። የእድሩ ዳኛ የቀለም ንጣፉን ከፍቶ ወረቀቱን አቀረበ።

«አዴ፣ እዚህ ተቀባይ በሚለው ላይ ጣትዎን ያትሙ» አላት በኦሮምኛ የአክብሮት አጠራር።

አዳዳ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «አላትምም።»

«ካላተሙ እኮ ወደመጣበት ይመለሳል።»

«ይመለስ!»

ካድሬው ፈንጠር ብሎ ቆሞ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ እኛ አገር ለሕፃናቱ ይሆናቸው ነበር» አለ። ትእዛዝ አልነበረም፤ ልመና ነበር። አዳዳ ዞር ብላ አየችው። የእናቱን ነገር ነግሬያት ስለነበር ወደ እሱ ሄዳ ትከሻውን ያዘችውና፣ «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አለችው። ማንም እስከዚያች ቀን አላለውም መሰለኝ፤ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። አንድ ሰው በር ላይ ቴምብር ሊገዛ መጥቶ ሁኔታውን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ለተራበ ይሂድ» አለች አዳዳ ቀጥላ። «አንድ ፍሬ አላስቀርም። ግን ከጉደር እንደሄደ፣ ከኔ እጅ እንደሄደ ይጻፍ። ኢንተለ ኮ፣ አንቺ ልጄ፣ ያንን ወረቀት ሸፍኚልኝ።»

ቦርሳዬ ውስጥ ለራሴ ቀድቼ ያስቀረሁት አንድ «አውሮፓዊ ረሃብተኛ» ነበር። ሙጫ ቀባሁትና «ለተራበችው እናት» የሚለውን ድርግም አድርጌ ሸፈንኩበት። ከጎኑ በትልቁ፦ «ላኪ» ብዬ የአዳዳን ስም ከነአባቷና ከነባሏ ጻፍኩ። አዲስ የጥቅል መላኪያ ወረቀት ቀረበ። አዳዳ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ ላኪ በሚለው መስመር ላይ አተመች፤ አንዴ አትማ ስላልደመቀላት ደገመችው። ካድሬው ጥቅሉን ራሱ ተሸክሞ ወጣ።

የእድሩ ዳኛ የመጀመሪያውን ወረቀት እያገላበጠ ቀረ። ጥቅሉ ወጥቷል፣ ተቀባይ የሚለው መስመር ግን ባዶ ነው። በዚያ ዘመን ባዶ መስመር ያስጠይቃል።

«አዴ፣ አለቆቼ ይሄ ለምን ባዶ ሆነ ቢሉኝ ምን ልበል?»

አዳዳ ቀለሙን ከጣቷ ላይ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር።

«የጎደላት እህል አይደለም በላቸው። ባሌ ነው የጎደለኝ። እሱን በጥቅል አድርገው ከላኩልኝ ና ጥራኝ፤ በአስሩም ጣቴ አትምላቸዋለሁ።»